ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ዓሣ፦ ሂልስትሪም ሎች በድሬዳዋና በሐረር ውሃ ይኖራል?

ቤቱ አኳሪየም ያስገባ ሰው ብዙም ሳይቆይ መስተዋቱ አረንጓዴ ይሆንበታል። ምን ይሻላል ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከሻጭም ከጓደኛም አፍ ዝግጁ ነው፤ ‹‹የሚያጸዳ ዓሣ ጨምርበት››። ‹‹አጽጂ›› ከሚባሉት ዓሦች መካከል በቲክቶክና በቴሌግራም ቪዲዮዎች የብዙ ሰው ልብ ውስጥ የገባ አንድ ትንሽ ዓሣ አለ። ጠፍጣፋ ነው፤ መስተዋት ላይ ተለጥፎ ይውላል፤ ጀርባው ላይ ቢጫና ጥቁር መስመሮች ተጠላልፈውበታል። ሂልስትሪም ሎች ይባላል።

ይህ ዓሣ ቆላ ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይሰነብትም። ሰው ‹‹ሙቀቱ ገደለው›› ይላል። ሙቀቱ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ዓሣውን የሚጨርሰው በአብዛኛው ትንፋሽ ማጣት ነው። ስለ ሎች የሚነገረው ነገር ሁሉ፣ ቅርጹም አበላሉም አያያዙም፣ ዞሮ ዞሮ ኦክስጅን ከሞላበት ከሚፈስ ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ድሬዳዋም ሆኖ ሊይዘው ይችላል። ያልተረዳ ግን ሐረርም ሆኖ ይሞትበታል።

ሎች ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ሎች የአንድ ዓሣ ስም አይደለም። በእስያ፣ በአውሮፓና በጥቂቱም በአፍሪካ የሚገኙ፣ ባብዛኛው የወንዝ ወለል ላይ የሚኖሩ የብዙ መቶ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ሂልስትሪም የሚባሉት ከተራራ ቁልቁል በሚወርዱ ፈጣን ጅረቶች ውስጥ የሚኖሩት ናቸው። በገበያ በብዛት የሚታየው ሴዌሊያ ሊኒዮላታ የተባለው ሲሆን አገሩ መካከለኛው ቬትናም ነው። ርዝመቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ለሳይንስ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው፤ ሴዌሊያ የሚለውን የወገን ስም ያወጣው ደግሞ የፈጣን ወንዝ ዓሦችን በማጥናት የታወቀው ሕንዳዊው ሰንደር ላል ሆራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1932። ቢዩፎርቲያ የሚባለው ዘመዱ ከደቡብ ቻይና፣ ጋስትሮማይዞን የሚባለው ደግሞ ከቦርንዮ ደሴት ይመጣል። አያያዛቸው ተቀራራቢ ስለሆነ እዚህ ሁሉንም ሎች እያልን እንቀጥላለን።

ገበያ ላይ ከሎች ጋር የሚምታቱ ሁለት ዓሦች አሉ። አንደኛው ፕሌኮ ወይም ሰከር የሚባለው ነው፤ ሲሸጥ የጣት ያህል ነው፣ የተለመደው ዝርያ ሲያድግ ግን ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሁለተኛው ቻይኒዝ አልጊ ኢተር የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ነው። እሱም 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሲያድግ ጠበኛ ይሆናል፣ የሌሎችን ዓሦች ገላ እየመጠጠም ያቆስላል። ሎች በሁለቱም አይታማም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የትኛው እንደሆነ በፎቶ ያመሳክሩ።

ውሃው ሳይወስደው እንዴት ይቆማል?

አኳሪየም አጠገብ የቆመ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹‹አቦ፣ ይሄ ዓሣ አይዋኝም እንዴ?›› ብሎ ነው። ይዋኛል፤ ግን በአጭር በአጭሩ። የተፈጠረው ሰውን ከእግሩ የሚያነሣ ውሃ በሚወርድበት ቦታ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ዓሦች ውሃው መካከል ልቁም ቢል በአንድ ቀን ጉልበቱ ያልቅ ነበር።

መፍትሔው በሰውነቱ ቅርጽ ላይ ነው ያለው። ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ዝቅ ያለ ስለሆነ ፈሳሹ የሚገፋው ነገር ብዙም አያገኝም። ድንጋይ ላይ ውሃ በኃይል የሚሄደው ከፍ ብሎ ነው፤ ድንጋዩን ነክቶ የሚያልፈው ስስ ንጣፍ ቀስ ይላል። ዓሣው እዚያ ቀስ ያለው ንጣፍ ውስጥ ይተኛል። የፊትና የሆድ ክንፎቹ ወደ ጎን ተዘርግተዋል፤ የሆድ ክንፎቹ ከኋላ ተገናኝተው ከሰውነቱ ጋር ክብ ይሠራሉ። ከክንፎቹ ሥር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሻካራ ነገሮች ስላሉ ድንጋዩን ቆንጥጦ ይይዛል።

መስተዋት ላይ ሲለጠፍ ከውጭ ሆነው ሆዱን ይመልከቱት። የፊት ክንፉ የኋለኛው ጠርዝ ሳያቋርጥ ሲርገበገብ ይታያል። ያ እንቅስቃሴ ከሆዱ ሥር የሚገባውን ውሃ እየገፋ ያስወጣል፤ ከሥር ያለው ግፊት ሲቀንስ ከላይ ያለው ውሃ ራሱ ዓሣውን ወደ መስተዋቱ ይጫነዋል። ብዙ ሰው እንደሚመስለው በአፉ መጥጦ አይደለም የሚቆመው። አፉ ለመብላት ነጻ ነው።

ይህ ችሎታው አንድ ጣጣ አለው፤ እርጥብ መስተዋት ላይ ከውሃው በላይም ይወጣል። ክዳን የሌለው አኳሪየም ውስጥ የገባ ሎች አንድ ቀን ወለል ላይ ደርቆ ይገኛል። የዚሁ ወገን የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ በታይላንድ ዋሻዎች ውስጥ የሚኖር ዓይነ ስውር ዓሣ በክንፎቹ እየተራመደ ፏፏቴ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የዚህ ዓሣ የዳሌ አጥንት ከአከርካሪው ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ አረማመዱም የአራት እግር እንስሳትን እንደሚመስል አሳይቷል።

ታዲያ መስተዋት አያጸዳም?

ያጸዳል፤ ግን ሰው በሚጠብቀው መጠን አይደለም። አፉ ከጭንቅላቱ ሥር ነው። ድንጋይ ላይ ወደፊት እየተሳበ ሲፍቅ ከኋላው ነጣ ያለ ጠባብ መንገድ ይቀራል። ወንዝ ውስጥ የቆየ ድንጋይ ሲነካ ያዳልጣል፤ የሚያዳልጠው ስስ ሽፋን ውስጥ ባክቴሪያ፣ ዳያተም የሚባል ቡናማ ጥቃቅን አልጌ፣ የነፍሳት እጭና ሌሎች ደቃቅ እንስሳት አብረው ይኖራሉ። ሎች የሚበላው ይህን ሽፋን እንዳለ ነው። ማለትም አትክልትም ሥጋም አብሮ ይበላል።

ረጃጅም ክር የሚሠራውን አልጌ ግን አይነካውም። ያ አልጌ የሚበዛው ብርሃን ስለበዛና የተረፈ ምግብ ውሃው ውስጥ ስለሚበሰብስ ነው፤ መድኃኒቱም ብርሃን መቀነስና ውሃ መቀየር ነው። ሎችን ለጽዳት ብሎ መግዛት ለዓሣው አይበጅም፣ ለገዢውም አያዋጣም። ይባስ ብሎ አኳሪየሙ አዲስና ንጹሕ ከሆነ ዓሣው የሚፍቀው ነገር ስለማያገኝ ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባና በሳምንታት ውስጥ በረሃብ ያልቃል። በዚህ ዓሣ ዘንድ ከትንፋሽ ማጣት ቀጥሎ ትልቁ ገዳይ ረሃብ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚውል ዓሣ ደግሞ መራቡን ከላይ ያየ ሰው አያውቅም።

ሙቀት ዓሣውን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ዓሣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በስንጥቡ እያጣራ ይተነፍሳል። ውሃ ሲሞቅ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር እስከ 9.1 ሚሊግራም ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ 7.6 ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ የዓሣ ሰውነት የውሃውን ሙቀት ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ውሃው ሲሞቅ ሰውነቱ በፍጥነት ይሠራል፣ የሚፈልገውም ኦክስጅን ይጨምራል። የሚያገኘው ሲያንስ የሚፈልገው ይበዛል ማለት ነው። እንደ ቴላፒያ ያለ የሐይቅና የቆላ ዓሣ ይህን ይችለዋል። ሎች ግን ሌት ተቀን በሚንፏፏ፣ ኦክስጅን በጠገበ ውሃ ውስጥ የኖረ ስለሆነ እጥረት አልለመደም። የሚስማማው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ለጥቂት ቀናት እስከ 27 እና 28 ሊታገሥ ይችላል፤ ያውም ውሃው በደንብ የሚንቀሳቀስ ከሆነ።

ኦክስጅን ወደ ውሃ የሚገባው በዋናነት ከላይ፣ አየርና ውሃ በሚገናኙበት ገጽ ነው። በቆመ ውሃ ላይኛው ንጣፍ ኦክስጅን ሲጠግብ ከታች ያለው ይራባል፤ ሎች ደግሞ የሚኖረው ከታች ነው። ፓምፕ ገጹን ሲያተራምስና የላዩን ወደ ታች ሲያወርድ ነው ሁሉም እኩል የሚደርሰው። የአየር ፓምፕ አረፋም ቢሆን የሚጠቅመው ባብዛኛው ወደ ላይ ሲወጣ ውሃውን ስለሚያንቀሳቅስ ነው። አኳሪየሙ ተክል ካለው ደግሞ ሌሊት ተክሉም ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ስለዚህ ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ማታ ደህና የነበረ ዓሣ ጠዋት ሞቶ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሐረር ብርዳማ ስለሆነች አይሻልም?

ይሻላል፤ ነገር ግን የሚመስለውን ያህል አይደለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውም ኦክስጅን አብሮ ያንሳል። ሲሰላ 20 ዲግሪ የሆነ የሐረር ውሃና 25 ዲግሪ የሆነ የድሬዳዋ ውሃ ሊይዙ የሚችሉት ኦክስጅን አንድ ይመጣል፤ ሁለቱም በሊትር 7.2 ሚሊግራም አካባቢ ነው። የሐረር ትርፍ ዓሣው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን በቁጠባ መጠቀሙ ነው። ይህም ትልቅ ትርፍ ነው፤ ሐረር ላይ የማቀዝቀዝ ጣጣ የለም። ውሃ ማንቀሳቀሱ ግን እዚያም አይቀርም።

ድሬዳዋ ላይ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ አኳሪየሙም አብሮ ይሞቃል። ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ቬንትሌተር ነው። ክዳኑን በወንፊት ሽቦ ቀይሮ ነፋሱ የውሃውን ገጽ እየጠረገ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። የድሬዳዋ አየር ደረቅ ስለሆነ በዚህ መንገድ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይቀንሳል። አኳሪየሙ ከቆርቆሮ ጣሪያ በራቀና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በማይደርስበት ክፍል ይቀመጥ። በረዶ ያለበት የታሸገ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃው ላይ ማንሳፈፍም ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በእኔ እምነት ድሬዳዋ ላይ አኳሪየሙን በእነዚህ ዘዴዎች ከ28 ዲግሪ በታች ማቆየት ያልቻለ ሰው ሎችን ባይገዛ ይሻላል። ቆንጆ ዓሣ ስለሆነ ያሳሳል፤ ግን በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ የሚሞት ከሆነ ምን ያደርጋል? ሙቀት የሚወዱ ብዙ ውብ ዓሦች አሉ።

መብራት ሲሄድስ?

ፓምፕ ሲቆም ለሎች ሰዓት መቆጠር ይጀምራል። ለዚህ የሚሆነው በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ነው፤ ለስልክ በምንይዘው ፓወር ባንክ ለብዙ ሰዓት ይሠራል። ኤሌክትሮኒክስ ባለበት ገበያ ታይዋን ወርዶ መጠየቅ ነው። እሱም ከሌለ በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል። መብራት እስኪመጣ ምግብ አይሰጥም፤ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይሻማል።

የቧንቧችን ውሃ ይስማማዋል?

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የሚመጣውም በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ነው። በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀባት በኋላ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ እየተገፋ የሚወጣ ውሃ ስለምትጠቀም ከኖራው አላመለጠችም።

የሎች ወንዝ ግን ኖራ የሌለበት፣ ከዝናብ ብዙም ያልራቀ ውሃ ነው። ለመለካት የሚያገለግለው ፒኤች የሚባለው ቁጥር ነው፤ 7 መሐል ነው፣ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን ይባላል። ሎች ከ6.5 እስከ 7.5 ይመቸዋል። የኖራ ውሃ ከዚያ በላይ ይሆናል። ኖራው ብቻውን ዓሣውን አይገድልም፤ ቀስ ብሎ ከለመደው ይኖርበታል። አደጋው ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ነው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ አንዱ ክፍል መርዛማ፣ ሌላው ክፍል ብዙም የማይጎዳ ሆኖ ይኖራል፤ ፒኤች በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር መርዛማው ክፍል አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል፣ ሙቀት ደግሞ ይጨምርበታል። ስለዚህ በቀዝቃዛና ኖራ በሌለው ውሃ ምንም የማይመስል ቆሻሻ፣ በሞቃት የድሬዳዋ ውሃ ይገድላል።

አሞኒያን የሚያስወግዱት ፊልተር ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ እሱንም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣሉ። እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ለዚህ ነው አኳሪየም ተገዝቶ በዚያው ቀን ዓሣ የማይገባበት። ለሎች ከዚያም በላይ፣ ድንጋዩ ላይ የሚፋቅ ሽፋን እስኪበቅል ጥቂት ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል። በየሳምንቱ ከውሃው ከአምስት አንዱን እጅ ቀድቶ መቀየር ይገባል። ሲተን የጎደለውን ብቻ እየሞሉ መቀጠል አያዋጣም፤ የሚተነው ውሃው እንጂ ኖራው ስላልሆነ በየጊዜው እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ኖራውን ለመቀነስ የክረምት ዝናብ ውሃ ከቧንቧው ጋር መቀላቀል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራ ካጠቡ በኋላ የሚወርደውን በንጹሕ በርሜል መያዝ ነው። ማፍላትም ይረዳል፤ ኖራው ከታች ሲዘቅጥ ላዩን ቀድቶ፣ አቀዝቅዞ፣ በአየር ፓምፕ አናፍሶ መጠቀም ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ኦክስጅን ስለሌለው ሳይናፈስ አይገባም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንም አለው፤ ክሎሪን ስንጥቡን ያቃጥላል። በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን እየተናፈሰ ካደረ ይወጣል።

ውሃ ሲጠራቀም ትንኙስ?

ይህ በድሬዳዋ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት ከተማዋ ውስጥ ተከሥቶ ነበር፤ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው አዲሷ የወባ ትንኝ ደግሞ የምትራባው ቤት ውስጥና ግቢ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ለአኳሪየም የሚያድር ማንኛውም በርሜልና ባልዲ በአጎበር ጨርቅ ተወጥሮ፣ ዙሪያው ታስሮ ይሸፈን። አኳሪየሙ ራሱ ውሃው ስለሚንቀሳቀስና ዓሣ ስላለበት ስጋቱ አነስተኛ ነው።

በተቃራኒው ለትንኝና ለበረሮ የሚነፋው መድኃኒት ለዓሣ እጅግ መርዛማ ነው። የአየር ፓምፕ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃ ውስጥ ስለሚከት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲነፋ መርዙን ቀጥታ ያስገባል። ቤቱ የሚረጭ ከሆነ አኳሪየሙን መሸፈን፣ የአየር ፓምፑን አጥፍቶ ውስጡ ያለውን የውሃ ፓምፕ ብቻ ማስቀጠል፣ ክፍሉ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ መክፈት ነው።

አኳሪየሙ ምን ዓይነት ይሁን?

ከቁመቱ ይልቅ ርዝመቱና ስፋቱ ይበልጣል። ሎች ብቻውን ስለማይወድ አራትና ከዚያ በላይ ሆኖ ይያዛል፤ ለእነሱ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፣ 100 ሊትር የሚይዝ ቢሆን ይመረጣል። ፓምፑ በሰዓት የአኳሪየሙን ውሃ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ማዞር አለበት፤ ለ100 ሊትር ከ1,000 እስከ 2,000 ሊትር በሰዓት የሚል የተጻፈበትን መፈለግ ነው። ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በአንድ አቅጣጫ እንዲፈስ ይደረጋል፤ ከአንዳንድ ድንጋይ ኋላ ዓሣው የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ ይተዋል።

ወለሉ አሸዋና ድቡልቡል ጠጠር፣ በላዩ ለስላሳ ድንጋይ ይሁን። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ድንጋይ ለቅሞ መክተት ቀላል ይመስላል፤ ግን ከላይ ካለው ተራራ የሚወርደው ድንጋይ ብዙው ኖራ ነው፣ ውሃውን ይበልጥ ያከብደዋል። አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ሲደረግበት አረፋ ካወጣ ኖራ አለው፤ ይተዉት። የሐረርና የባቢሌ አካባቢ ጥቁር ድንጋይና ግራናይት አረፋ አያወጣም፣ ታጥቦና ተቀቅሎ ይገባል።

አብሮት የሚኖረውም ቀዝቃዛና ፈሳሽ ውሃ የሚወድ ትንሽ ዓሣ መሆን አለበት፤ ዜብራ ዳንዮ ጥሩ ጎረቤት ነው። ጎልድፊሽ ግን ውሃ ያቆሽሻል፣ ምግቡንም ይጨርስበታል።

ምን ይብላ?

የድሬዳዋ ፀሐይ ለዚህ ዓሣ የምትሰጠው አንድ ስጦታ አላት። ለስላሳ ድንጋዮችን ውሃ በሞላው ባልዲ ውስጥ አድርጎ፣ በአጎበር ሸፍኖ ፀሐይ ላይ ማቆም ነው። በሁለትና ሦስት ሳምንት ቡናማና አረንጓዴ ሽፋን ይይዛሉ። አንዱን አውጥቶ አኳሪየሙ ውስጥ፣ የተጋጠውን ደግሞ ወደ ባልዲው። እየቀያየሩ ከያዙት ከየትኛውም የታሸገ ምግብ ይበልጣል።

ከዚያ ሌላ ከቀፊራ ገበያ የሚገዛ ዝኩኒ ልጣጩ ተልጦ፣ በስሱ ተቆርጦና ለሁለት ደቂቃ ተቀቅሎ፣ ድንጋይ ላይ ታስሮ ይሰጣል። ቆስጣም እንዲሁ፤ ፀረ ተባይ ስለሚረጭበት በደንብ ይታጠብ። ያልበሉትን በማግስቱ ማውጣት ግድ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ በበረዶ የደረቀ ደም ትል (ቀይ የነፍሳት እጭ) ወይም ለወለል ዓሦች የተሠራ የሚሰምጥ ምግብ ያስፈልገዋል።

በእኛ ወንዞች እንዲህ ያለ ዓሣ አለ?

አለ። ብዙ ሰው ሎች የውጭ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የሎች ወገን የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። አፍሮኔማኬይለስ አቢሲኒከስ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1902 ከጣና ተገልጿል፤ ዘመዱ አፍሮኔማኬይለስ ካፋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013። እነዚህ ግን ጠፍጣፋ አይደሉም፣ ድንጋይ ላይም አይለጠፉም።

በአኗኗር ሎችን የሚመስለው ሌላ ነው፤ በሳይንስ ‹‹ጋራ›› (Garra) የሚባለው ወገን። አዋሽን ጨምሮ በብዙ ወንዞቻችን አለ። ከአፉ ሥር ባለ ክብ ነገር ድንጋይ ይይዛል፣ አልጌም ይፍቃል። ከሎች ጋር ያለው ዝምድና የራቀ ነው፤ የሚመሳሰሉት ፈጣን ውሃ ሁለቱንም ለየብቻ ስለቀረጻቸው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ‹‹ጋራ ጣና›› የተባለውን ጨምሮ የዚህን ወገን አዳዲስ ዝርያዎች ገልጸዋል። አንዳንዶቹ በአንድ አካባቢ ብቻ ስለሚኖሩ ከወንዝ አጥምዶ ለአኳሪየም መሞከር አይመከርም። የውጭውን ሎችም ሆነ ሰከር ሰለቸኝ ብሎ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ለአገር ዓሦች አደጋ ነው፤ ሰከር በብዙ አገሮች ተለቅቆ ወረራ ሆኗል።

ሲገዛ ምን ይታያል?

ብዙዎቹ ከወንዝ የተጠመዱ ናቸው፤ በመንገድ ተርበው ይመጣሉ። መስተዋት ላይ የተለጠፈውን ከውጭ ሆነው ሆዱን ይዩት። ሞላ ያለ፣ ቢያንስ ያልገባ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ የገባ ሆድ ያለውን በእዝነት ገዝቶ ማዳን ከባድ ነው። ስንጥቡ በጥድፊያ የሚመታ፣ በእጅ ሲጠጉት የማይሸሽ፣ ክንፉ የተበጣጠሰም ይቅር። ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው በሌሊት ጉዞ፣ ኦክስጅን በተሞላ ከረጢትና በስታይሮፎም ሳጥን እንዲላክለት ይጠይቅ፤ ከአዋሽ በታች ያለው የቀን ሙቀት አይቻልም።

ሲደርስ ከረጢቱን ወዲያው መዘርገፍ አይገባም። ሙቀቱ እስኪስተካከል ከነከረጢቱ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል የአኳሪየሙ ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጨመርበታል። ከታመመም በመዳብ የተሠራ መድኃኒት አይሰጠውም፤ ሆዱ ላይ ቅርፊት ስለሌለው በቀላሉ ይመረዛል።

ቤት ውስጥ ይራባል?

ሴዌሊያ ከተመቸው ይራባል። ወንዱን ከላይ ሲያዩት ከጭንቅላቱ ወደ ፊት ክንፉ የሚሄደው መስመር ትከሻ ይሠራል፤ የሴቷ ለስለስ ብሎ ይዞራል፣ ሰውነቷም ሰፋ ይላል። ወንዶቹ ይጣላሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ወጥቶ በክንፉ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፣ የታችኛው ሾልኮ ወጥቶ በተራው ላዩ ይወጣል። የሚያስደነግጥ ቢመስልም አይጎዳዱም።

ሴቷ ስትደርስ ጠጠሩ ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እንቁላሉም እዚያ መሐል ይገባል። ጫጩቶቹ ሲታዩ የጣት ጥፍር አይሞሉም፤ ተጠግተው ካላዩዋቸው አይለዩም። የሚያልቁት ባብዛኛው በፓምፑ ተስበው ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው፣ ዓሦቹ ሳይገቡ፣ የፓምፑ መሳቢያ አፍ በወፍራም ስፖንጅ ይሸፈን፤ ስፖንጁም በየሳምንቱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ይታጠብ። በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል።